ከእርከኑ ሥር የቀረው ደወል

ስሜን አልጽፍም። የሌሎቹንም አልጽፍም፤ አዝኜላቸው ግን እንዳይመስላቸው። ደብረ ታቦር ትንሽ ከተማ ናት። የሚያውቀኝ ያለ ስምም ያውቀኛል፣ ለማያውቀኝ ስሜ ምንም አያደርግለትም። ሠላሳ ሁለት ዓመት ጂኦግራፊ አስተምሬ ጡረታ ወጥቻለሁ። ባሌ ሞቷል፣ ልጅ አልወለድሁም፣ ከታናሽ እህቴ ጋር እኖራለሁ። ስለ እኔ ማወቅ የሚያስፈልገው ይህን ያህል ነው።

የምጽፈው ስለ አንድ ድንጋይ ነው። ድንጋዩ የእኔ አልነበረም። ያዋሰችኝ ከጋፋት ወዲያ ያለችው የእናቴ ደብር ናት፤ ያዋሰችኝም በግዝት ነው። ሳልመልስ ብሞት ከነግዝቴ እሞታለሁ። እናቴም አባቴም የተቀበሩት እዚያው ግቢ ውስጥ ከጽዶቹ ሥር ነው። ከእነሱ አጠገብ ማረፍን ከመመኘት በቀር ከዚህ ዓለም የምጠብቀው ነገር ካለቀ ቆይቷል። ይህን ምኞቴን የነጠቀኝ፣ ተማሪዎች ምድርን በመነጽር እንዲያዩበት ተብሎ የመጣ ዕቃ ነው ስላቸው ሰዎች እርስ በርሳቸው ይተያያሉ። ስለዚህ ከመጀመሪያው ልናገር።

ማስተማር በጀመርሁ በስድስተኛው ዓመት ይመስለኛል፣ ለእናቴ ተዝካር ወደ ደብሯ ሄጄ ከቤተ ልሔሙ ጀርባ አንድ ጠፍጣፋ ድንጋይ ወድቆ አየሁ። ርዝመቱ ክንድ ተኩል ያልፋል፣ ውፍረቱ አራት ጣት ቢሆን ነው። ዲያቆናቱ ልብሳቸውን አጥበው ያሰጡበት ነበር። አንዱን ጫፍ በእንጨት ከፍ አድርጌ በጠጠር መታሁት። ጮኸ። ድምፁም ቶሎ አልሞተም። ለካ የደብሯ ደወል ኖሯል። አንድ የከተማ ነጋዴ የብረት ደወል እስኪሰጥ ድረስ ስንት ትውልድ ለቅዳሴ የጠራው እሱ ነው። ብረቱ ሲመጣ አወረዱትና ረሱት።

እንዲህ ያለው ድንጋይ ከምድር ውስጥ ቀልጦ የወጣ ነው። ቅንጣቱ ደቃቅ፣ አካሉ ጥቅጥቅ ያለ ስለሆነ፣ በስሱ ተሰንጥቆ ከተንጠለጠለ እንደ ብረት ይጮኻል። መማሪያ መጽሐፉ ላይ በእንግሊዝኛ ሁለት መስመር ተጽፎለታል። ተማሪዎቼ ሁለቱን መስመር ሸምድደው ለፈተና ይጽፋሉ፤ ድንጋይ ይጮኻል ብሎ ከልቡ የሚያምን ግን አንድም አልነበረም።

ቄሰ ገበዙን ለመንኋቸው። የቤተ ክርስቲያን ንብረት በእሳቸው እጅ ነው። አንድ ዓይናቸው የማያይ ሽማግሌ ነበሩ።

«ድንጋይ ምን ያደርግልሻል? አገሩ በሙሉ ድንጋይ አይደለም ወይ?» አሉኝ።

ልጆች ላስተምርበት ነው አልኋቸው። ከዚያ ሁለት ሽማግሎች አስጠሩና መስቀላቸውን እንደያዙ ተናገሩ። «እያስተማርሽበት እስካለሽ ይቆይ። ሲበቃሽ ወደ ቦታው ይግባ። ያስቀረው፣ የሸጠው፣ የሰበረው፣ በሥልጣነ ጴጥሮስ ወጳውሎስ ገዝቼዋለሁ።»

አሜን አልሁ። ወጣት ነበርሁ፤ ያን ጊዜ አሜን ማለት ቀላል ነበር። በአህያ አስጭኜ ወደ ከተማ አመጣሁት።

ክፍሌ ውስጥ ከጣራው አግዳሚ ላይ በጠፍር ሰቀልሁት። በየዓመቱ ትምህርት በተጀመረ በመጀመሪያው ሳምንት አንዲት ቃል ሳልተነፍስ እገባና በድቡልቡል ድንጋይ እመታዋለሁ። ድምፁ እስኪያልቅ ዝም እላለሁ። የሚያማትብ አለ፣ ጠረጴዛ ሥር ብረት ካለ ብሎ ጎንበስ የሚል አለ። አንድ ዓመት፣ ገበያ ውስጥ የጨርቅ ሱቅ ያላቸው የአንድ ሙስሊም ነጋዴ ልጅ ከኋላ ሆኖ «ቲቸር፣ እኔ ልውጣ ወይስ ቅዳሴው አጭር ነው?» አለና ክፍሉን በሳቅ ገደለው። ያ ልጅ ከዚያ ወዲያ የሄደበትን አገር ድንጋይ ሁሉ በኪሱ ያመጣልኝ ነበር።

እንዲህ እንዲህ እያለ ክፍሉ ሞላ። ከጉና ግርጌ የለቀምነው ጥቁር ድንጋይ፣ በሁለት የላቫ ንጣፍ መካከል ተቀብሮ እንደ ሸክላ የተጠበሰ ቀይ አፈር፣ የወንዛዬ ፍል ውሃ ጠርዝ ላይ የሚጋገረው ነጭ ቅርፊት፣ ብርጭቆ የሚመስለው፣ ውሃ ላይ የሚንሳፈፈው። እያንዳንዱ ላይ የተገኘበትን ቦታና ያመጣውን ተማሪ ስም በእርሳስ ጽፌ ወረቀት ለጥፌበታለሁ። ባልደረቦቼ መሳቂያ አደረጉኝ። አንዱ ርዕሰ መምህር በስብሰባ መሐል «መምህርት፣ ቤት ልትሠሪ ነው እንዴ? ምነው ሲሚንቶውንም አትጠይቂን?» ብሎኛል። ያን ቀን ከሳቁት ውስጥ ሦስቱን እስከ ዛሬ ሰላም አልላቸውም። አንዱ ሞቷል። ቀብሩ ሄጃለሁ፣ ግን አልተውሁለትም።

አሁን ስለ ትምህርት ክፍል ኃላፊው። ተማሪዬ ነበር። አሥረኛ ክፍል ሳለ ከጉና ግርጌ እስከ መኪናው ድረስ ድንጋይ በነጠላው ቋጥሮ ይሸከምልኝ ነበር። ዩኒቨርሲቲ ገብቶ ተመለሰ፣ አስተማሪ ሆነ፣ ከዚያ በእኔ ላይ ኃላፊ ሆነ። ይህም ደግ። ክፉ ሰው ቢሆን ይቀለኝ ነበር። ጨዋ ነው፤ ስገባ ከወንበሩ ይነሳል፣ ስናገር አያቋርጠኝም፣ ከጨረስሁ በኋላ ግን ያሰበውን ያደርጋል። የሚያቃጥለኝ ይህ ጨዋነቱ ነው።

ጡረታ ልወጣ አንድ ዓመት ሲቀረኝ መነጽሮቹን አመጣ። ከአንድ ፕሮጀክት ጋር ተጻጽፎ ነው ያገኛቸው። ስሙን ቨርቹዋል ሪያሊቲ አለን፤ በእኛ ግቢ ግን ጥበቃው ሳይቀር «መነጽሩ» ነው የሚለው። መነጽር ይባል እንጂ ዓይንን እስከ ግንባር የሚሸፍን ጥቁር ሣጥን ነው። ያጠለቀው ሰው ወዴትም ቢዞር ያ የሌለ ዓለም አብሮት ይዞራል። ምድር ተሰንጥቃ ውስጧን ታሳያለች፣ እሳተ ገሞራ ከእግር ሥር ይፈላል፣ አህጉር ከአህጉር ሲላቀቅ ይታያል። የሚናገረው በእንግሊዝኛ ነው፤ ያውም በፍጥነት።

ምክንያቱ እውነት ነበር፤ ይህን አልክድም። መንገዱ አላስተማምን ካለ ወዲህ ተማሪ ጭኖ ወደ ጉናም ወደ ወንዛዬም መሄድ ቀርቷል። የትኛው ወላጅ ልጁን ይልካል? የትኛው ርዕሰ መምህር ይፈርማል? ከግቢ ሳይወጡ ምድርን ማየት የሚባል ነገር ሲመጣ እሰየው የማይል አልነበረም።

መነጽሮቹ የተመረቁ ቀን ከትምህርት ቢሮ የመጡት እንግዳ መነጽሩን አጥልቀው የእሳተ ገሞራ አፍ ላይ ቆሙና የርዕሰ መምህሩን ኮት ጨምድደው ያዙ። «ያዙኝ፣ ገደል ነው» አሉ። አልጋ በማያህል ምንጣፍ ላይ ነው የቆሙት። ሰው ሁሉ ሳቁን ዋጠ። እኔ አልዋጥሁም።

ተማሪዎቹም እየወጡ ያወሩ ነበር። አንዲቱ መጥታ «ቲቸር፣ እሳቱ እኮ አይሞቅም» አለችኝ። ሌላው ድንጋይ ሊያነሳ ሞክሮ እጁ በድንጋዩ መሐል አልፎ እንደሄደ ነገረኝ። ደስ አለኝ። ይህን ደስታዬን ይዤ ብቀር እወድ ነበር፤ ነገር ግን በክራንች የምትሄድ አንዲት ተማሪ ነበረችኝ። ጉብኝት በሄድን ቁጥር እሷ ግቢ ውስጥ ነበር የምትቀረው። ኃላፊው ዙሪያውን በሚያነሣ ካሜራ ጉናን ቀርጾ አስገብቶ ስለነበር እሷም እንደተቀመጠች ጉና ወጣች። መነጽሩን ስታወልቅ ጉንጯ ረጥቦ ነበር። እኔ ሠላሳ ዓመት ስሄድ እሷን የመሰሉትን እንዴት ላድርስ ብዬ አስቤ አላውቅም። ይህን ያየሁ ቀን ኃላፊውን ከበፊቱ ይልቅ ጠላሁት።

እንድሞክር ስንት ጊዜ ለመነኝ። ዓይኔን ያመኛል አልሁት።

ከምረቃው በኋላ ብዙም ሳይቆይ ወደ ክፍሌ መጣ። ኤሌክትሪኩ ደኅና የሆነውና መስኮቱ የሚቆለፈው የእኔ ክፍል ብቻ ነው አለ። የድንጋይ ብናኝ የመነጽሩን መስታወት ይጭራል አለ። ድንጋዮቹን አንድ በአንድ፣ እያዞረ፣ በፎቶ አንስቷቸው ስለነበር ሁሉም መነጽሩ ውስጥ ገብተዋል፣ አይጠፉም አለ። ለድንጋዮቹ ከመጸዳጃ ቤቱ ጀርባ ያለውን መጋዘን ሰጠኝ። አንድ ሳምንትም ሰጠኝ። ተማሪዎች አዝዤ ላሸክምልዎ ቢለኝም እምቢ አልሁ።

እዚህ ላይ ያደረግሁትን ለምን እንዳደረግሁት ያን ጊዜ ከእህቴ በቀር የሚያውቅ አልነበረም። ድንጋዮቹን ወደ መጋዘኑ አልወሰድሁም። እኔው ራሴ፣ በዚህ ጉልበቴ፣ አንድ ቀን ሙሉ አመላልሼ በረንዳው ላይ ቆለልኋቸው። ደወሉን ጥበቃው አግዞኝ አወረድነውና ከቁልሉ ጎን ጋደም አደረግሁት። የሚገባ የሚወጣ ሁሉ እንዲያየው ነው። ምን እንዳደረጉኝ ሳያዩ እንዳያልፉ ነው። ማታ ለእህቴ ስነግራት ደነገጠች።

«እታለም፣ ሌላው ይሁን፤ የቤተ ክርስቲያኑን እንኳ በባጃጅ ወደ ቤት አምጪው» አለችኝ።

«እዚያው ይቆይ። ይዩት» አልኋት።

ከዚያ ደም ግፊቴ ተነሳ ብዬ ሐኪም አስጻፍሁና ቤቴ ተኛሁ። ደም ግፊቴ ተነስቶ ነበር፤ ግን አልጋ ላይ የጣለኝ ኩርፊያ ነው። በየቀኑ አንድ ሰው መጥቶ ይቅርታ ይጠይቀኛል ብዬ ጠበቅሁ። ማንም አልመጣም።

ወሩ ጥር ነበር። ጥር በእኛ አገር የእርከን ወር ነው። ገበሬው፣ መምህሩ፣ ተማሪው፣ የቢሮው ሠራተኛ ሳይቀር ዶማና አካፋ ይዞ ለተፋሰስ ዘመቻ ይወጣል። በየተራራው ወገብ ላይ አፈሩ ታጥቦ ወንዝ እንዳይገባ የድንጋይ እርከን ይካባል። ለየመሥሪያ ቤቱ ቦታ ተለክቶ ይሰጠዋል፤ ያልጨረሰ በስብሰባ ይወቀሳል። ለትምህርት ቤታችን የደረሰው ከግቢው ማዶ ያለ አንድ ተዳፋት ነበር። በዙሪያው ባሉት ተዳፋቶች ለብዙ ዓመት ሲካብ ስለኖረ በአቅራቢያው ድንጋይ አልቋል። ድንጋይ ሲያጥር ደግሞ በዚያ ወር በደብረ ታቦር ዙሪያ ያለ ሰው ሁሉ የሚያስበው አንድ ነው፦ ደጅ ላይ የተቆለለ ድንጋይ ለእርከን የተዘጋጀ ድንጋይ ነው።

ስመለስ በረንዳው ተጠርጎ ነበር። ጥበቃው ደስ ብሎት ተቀበለኝ፤ ግቢው እንዴት እንደጸዳ፣ ልጆቹ እየዘፈኑ በባሬላ እንዴት እንዳመላለሱት ነገረኝ። ያን ረጅሙን እንኳ ለአራት ነው የተሸከሙት አለ። ለዘመቻው ያዘጋጀሁላቸው መስሎት ነው የሚያመሰግነኝ።

ወደ ኃላፊው ቢሮ ገባሁ። እንደ ልማዱ ተነሳ። ማን እንዳዘዘ ጠየቅሁት።

«እኔ ነኝ፣ እትዬ። መጋዘኑ ውስጥ ያላስገቡት ስለማይፈልጉት መስሎኝ ነው። ልጆቹ ድንጋይ አለቀ ሲሉኝ በረንዳው ላይ አለ አልኋቸው።»

«ደወሉስ?»

«ድንጋይ ነው ብዬ ነው» አለኝ።

በዚያች ክፍል ተቀምጦ ደወሉን የሰማ ልጅ ነው። ስሙ የተጻፈባቸው ሰባት ድንጋዮች እዚያ ቁልል ውስጥ ነበሩ። ድንጋይ ነው ብዬ ነው አለኝ። ድንጋይ መሆኑን ያስተማርሁት እኔ ነኛ።

ስለ ግዝቱ ነገርሁት። ፊቱ ጠቆረ። ከዚያ ግን፣ አንድ ቀን ሄደን እንፈልገዋለን አለ። ያ አንድ ቀን አልመጣም፤ እኔም አልጎተጎትሁትም። ለምኜው ቢሄድልኝ ኖሮ ማመስገን ነበረብኝ።

ብቻዬን ሄድሁ። መዶሻ ይዤ፣ በበጋው ፀሐይ፣ ጉልበቴ እየተንቋቋ። ተዳፋቱ ላይ ሰባት እርከን ተደርድሯል፤ ከላይ ከመንገዱ ጀምሮ እስከ ወንዙ ጥግ ይወርዳል። ባለመሬቱ አንድ ጎልማሳ ገበሬ ነው። መጀመሪያ ቆሞ አየኝ፣ ከዚያ ዱላውን አጋድሞ መጣ። ሰላም ካለኝ በኋላ ምን እንደጠፋኝ ጠየቀ። ድንጋይ አልሁት።

«ድንጋይ ጠፋኝ ብሎ ድንጋይ መሐል የሚፈልግ ዛሬ ገና አየሁ» አለ። ቀጥሎ አፈረና ውሃ በቅል አመጣልኝ።

ነገሩን ስነግረው ሴት ልጁ በዘመቻው እንደነበረችና አንዳንዱ ድንጋይ ወረቀት የተለጠፈበት ነው ብላ እንደሳቀች አስታወሰ። ሦስተኛው እርከን ላይ ወስዶ አሳየኝ። እውነት ነው። የተጠበሰው ቀይ አፈር ተፈርፍሯል፤ የጉናው ጥቁር ድንጋይ ግን ከነወረቀቱ ተካብቷል። በእርሳስ የጻፍሁት ስም ይነበባል። የጨርቅ ነጋዴው ልጅ ስም ነው።

ደወሉ ግን አይታይም። ገበሬውም እኔም ለምን እንደማይታይ ገባን። እርከን የሚክብ ሰው ረጅምና ጠፍጣፋ ድንጋይ ካገኘ ለመሠረት ነው የሚያደርገው። ከታች ያስተኛዋል፣ አፈር ይመልስበታል፣ ሌላውን በላዩ ይጭናል። ከሰባቱ በአንዱ ሥር ተቀብሯል ማለት ነው።

ቢሆንም ሦስት ቀን ተመላለስሁ። ጎንበስ ብዬ፣ ከግርጌ የወጣውን የድንጋይ ጫፍ ሁሉ በመዶሻ እየመታሁ ጆሮዬን አስጠጋ ነበር። ደረቅ ኳኳታ እንጂ ሌላ አልሰማሁም። ይህ እንደሚሆን ከመሄዴ በፊት አውቅ ነበር። ደወል ድንጋይ የሚጮኸው ተንጠልጥሎ አየር ሲከበው ነው። መሬት ከያዘው፣ ሌላ ድንጋይ ከተጫነው፣ እንደማንኛውም ድንጋይ ዲዳ ነው። ይህን ለስንት ተማሪ በእጄ ይዤ አሳይቻለሁ፤ ደወሉን በመዳፌ አፍኜ ስመታው ድምፁ ሲሞት እየሰሙ ይገረሙ ነበር። እያወቅሁ ሦስት ቀን መታሁ።

በሦስተኛው ቀን ገበሬው አጠገቤ ተቀመጠ። እንዲያፈርስልኝ ልለምነው መሆኑን አውቋል።

«አንቱ መምህር ነዎት፣ ከእኔ ይሻላሉ» አለኝ። «የትኛው ሥር እንዳለ አናውቅም። ሰባቱንም ላፍርስልዎ? ክረምቱ ይመጣል። ይህ መሬት አፈሩ ሲሄድ ሃያ ዓመት አይቻለሁ። ዘንድሮ ገና መቆሙ ነው።»

ተዳፋቱን አየሁት። ከእርከኖቹ በስተላይ ከእርሻው የወረደው ደቃቅ አፈር መጠራቀም ጀምሯል። ገብስ ሊዘራበት አርሶታል። አፈር አንዴ ከሄደ አይመለስም ብዬ ሠላሳ ሁለት ዓመት የጮኽሁት እኔ ነኝ። አታፍርስ አልሁት። ምርቃቴንም አሳጠርሁት።

ኃላፊው ይህን ሰምቶ አስጠራኝ። መልካም ዜና ያለው ሰው ፊት ነበረው።

«እትዬ፣ አልጠፋም እኮ» አለኝ። «እንዳለ አለ። ይምጡና ይዩት።»

የቀድሞ ክፍሌ ገባሁ። መስኮቱ በጥቁር ጨርቅ ተሸፍኗል፣ ወለሉ ምንጣፍ ለብሷል፣ ጠፍሩ ታስሮበት የነበረው አግዳሚ ቀለም ተቀብቷል። ለመጀመሪያ ጊዜ መነጽሩን አጠለቅሁ። ለዓይን የሚያምር ነገር መሆኑን እናገራለሁ፤ ያልሆነውን ሆነ አልልም። ነጭ ሰፊ አዳራሽ ውስጥ ቆሜ ድንጋዮቼ በዙሪያዬ ተንሳፍፈዋል። ስጠጋቸው ያድጋሉ። የእርሳስ ጽሕፈቴ ሳይቀር ይነበባል። በመካከል ደወሉ ምንም ሳይዘው ቆሟል፤ በግራ ጠርዙ ያለችው ጭረት እንኳ አለች። ሳላስበው እጄን ዘረጋሁ። የያዝሁት የፕላስቲክ መቆጣጠሪያ ነው።

«ይምቱት» አለኝ ከኋላዬ። «ይጮኻል።»

መታሁት። በእጄ ላይ የተሰማኝ ነገር የለም። ጆሮዬ ላይ ግን ትልቅ የብረት ደወል ተደወለ፤ ከፍ ባለ ሕንፃ ላይ ተሰቅሎ የሚወዛወዝ፣ የፈረንጅ አገር ደወል። አንድ ጊዜ መትቼው እሱ ግን ደጋገመ።

አወለቅሁት። ድምፁን ከየት አመጣኸው አልሁት። ፎቶውን ሲያነሳ ድምፅ አልቀዳም ነበር፤ ቃሉን ኢንተርኔት ላይ ፈልጎ የመጣለትን አስገባ። ሲነግረኝ አልደበቀም፤ ጥፋት መሆኑም አልታየውም። ከእንግዲህ የሚማሩት ልጆች ሁሉ የደወል ድንጋይ ድምፅ ያ ነው ብለው ያምናሉ። ከመምህራኑ መካከል እውነተኛውን ሰምቶ ልዩነቱን መናገር የሚችለው ከእኔ ሌላ እሱ ራሱ ነበር። እሱም ረስቶታል። የተናደድሁበት ላይ ላዩን ሲታይ ድንጋዩን በማጥፋቱ ይመስላል፤ አይደለም፣ በመርሳቱ ነው። ይህን ጽሑፍ ካገኘው እንዲያውቀው ነው የምጽፈው።

በሰኔ መጀመሪያ ወደ እናቴ ደብር ሄድሁ። ያዋሱኝ ቄሰ ገበዝ ካረፉ ብዙ ዘመን ሆኗል። ሁለቱ ሽማግሎችም አርፈዋል። የአሁኑ ቄሰ ገበዝ ልጄ ሊሆን የሚችል ነው። ከደጀ ሰላሙ አጠገብ ከዝናቡ ተጠልለን ሁሉንም ነገርሁት፤ በኩርፊያ በረንዳ ላይ መጣሌን ጭምር። በደንብ ሰማኝ። ከዚያ ገብቶ የንዋየ ቅድሳቱን መዝገብ አመጣና ከፊት እስከ ኋላ ገለጠው። የድንጋይ ደወል የሚል የለም። የብረቱ አለ፣ የሰጠው ነጋዴ ስም አለ፤ ከዚያ በፊት ምን እንደነበረ የጻፈ የለም።

ምናልባት ከሌላ ደብር ይሆን እንዴ ብሎ ጠየቀኝ። ከዚሁ ነው አልሁ። የነበረበትን ቦታ እንዳሳየው ጠየቀኝ። ከቤተ ልሔሙ ጀርባ ወሰድሁት። ቤተ ልሔሙ ፈርሶ እንደ አዲስ ተሠርቷል፣ መሬቱ በሲሚንቶ ተለስኗል።

ፍቱኝ አልሁት።

«እናቴ፣ በእኛ በኩል የጎደለ ነገር የለም» አለኝ፤ ድምፁ የለዘበ ነበር። «ያልጎደለንን ተመለሰ ብዬ ወይም ይቅር ብዬ እንዴት ልፍታዎት? የገዘቱዎት አባት ቢኖሩ እሳቸው ያውቁ ነበር። ምስክር ካለ ያምጡና ለሀገረ ስብከቱ እናቅርበው።»

ምስክር የለኝም አልሁት። መነጽሩ ትዝ ብሎኝ ነበር። አምጥቼ ዓይኑ ላይ ባጠልቅለት ድንጋዩን ያየዋል፤ ሲመታው ደግሞ የፈረንጁን ብረት ይሰማል። ያን ጊዜ ውሸቷን ነው ይላል፣ ወይም ከዚያ የባሰ ያስባል።

ከዚያ የባሰውን ግን ቀድሞ አስቦት ኖሯል። ስሰነባበተው መስቀሉን ካሳለመኝ በኋላ እጄን ይዞ፣ እንቅልፍ ይወስደኝ እንደሆነ፣ የሰው ስም ይጠፋብኝ እንደሆነ ጠየቀኝ። ከደብሯ ሥር ጸበል አለች፤ ሰባት ቀን ብጠመቅ ጭንቀቱ እንደሚለቀኝ ነገረኝ። ብዙ አረጋውያን እንዲህ ያለ ነገር እንደሚመላለስባቸው፣ እንደሚሻላቸውም ነገረኝ። እሺ አባ አልሁት። ምን እላለሁ? በእናቴ መቃብር በኩል አልፌ ወጣሁ፤ አልቆምሁም። ጽዶቹ ሥር ለአንድ ሰው የሚሆን ቦታ አሁንም አለ።

ጸበሉን አልሄድሁበትም። የጠፋው ድንጋይ ነው፤ እኔ አእምሮዬ አለ። ምናለ ባይኖር የምልበት ቀን ግን ብዙ ነው።

ክረምቱ ከባድ ነበር፤ እርከኖቹ ያዙ አሉ። ሄጄ አላየሁም። ጡረታዬን ሲሸኙኝ ኃላፊው ጥሩ ንግግር አደረገ፤ ድንጋዮቼ በመነጽሩ ለዘላለም እንደሚኖሩ ተናገረ፣ ተጨበጨበለት። ተነስቼ እንድናገር ሲጠይቁኝ ጉልበቴን አመመኝ አልሁ።

ባለፈው ሳምንት ለእህቴ ኑዛዜዬን ነገርኋት። ስሞት እዚሁ ከተማ ውስጥ፣ ከማላውቃቸው ሰዎች መካከል እንድታስቀብረኝ አስማልኋት። የደብሯን ዕቃ ሳልመልስ፣ ከነግዝቴ፣ ከእናቴ አጠገብ አልተኛም። ይህን ምክንያቴን ግን አልነገርኋትም። ለምን ብላ ስትወተውተኝ ለቀባሪው መንገዱ ይቀርባል አልኋት። እሷም ሰው ላለማስቸገር የማስብ መስሏት አመነችኝ።